ልጃችን በጨዋታ “ሙታን ያስነሣል”፤ ምን እናድርግ?

እንደ ወትሮው ከእናንተ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ይዤ ቀርቤአለሁ። ጉዳዩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን የሚውሉበት ዓለም ነውና በትዕግሥት እንድታነቡት አደራ እላለሁ።

ደብዳቤው የመጣው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከሚኖሩ ባልና ሚስት ሲሆን የጻፈችው እህታችን ናት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ዓርብ ዓርብ ማታ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር “ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ” የተባለ ጨዋታ ይጫወታል። አንድ ቀን አባትየው የልጁን ደብተር ሲገልጥ ከመቃብር የሚወጡ አፅሞች ሥዕልና “ኔክሮማንሰር” የሚል ቃል አገኘ። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀው ልጁ ሳይደብቅ፣ “ሙታንን የሚያስነሣ አስማተኛ ነው፤ በጨዋታው ላይ እኔ እሱን ሆኜ ነው የምጫወተው” አለ። ወንድማችን መጻሕፍቱ ዛሬውኑ ይቃጠሉ ብሎ ተነሣ። እህታችን ደግሞ ልጁ ጓደኛ ያገኘው በዚህ ጨዋታ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው አለች። እነሆ ሁለት ወር ሆናቸው። መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ላይ ተቆልፎባቸዋል፤ ልጁ ከወላጆቹ ጋር ቃል መለዋወጥ ትቷል፤ ባልና ሚስቱም ነገሩ በተነሣ ቁጥር ይኮራረፋሉ።

እህታችን እንዲህ ትላለች፦ “ልጄ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ። ‘እማዬ፣ የእኔ ገጸ ባሕርይ አፅሞቹን የሚያስነሣው መንደሩን ከሽፍቶች ለማዳን ነው። ሰዎቹ ሞተዋል፤ የቀረው አጥንት ነው። ማንንም ካልጎዳሁ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?’ አለኝ።” ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ እንደ ተራ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምራለች። ልጁን በሕፃንነቱ ያሳደጉት አያቱ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉ ለቅሶው ላይ ሊገኝ አልቻለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ጠቢቡ በምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ሞኝነቱን እንደሚገልጥ ያስተምረናል። ስለዚህ አስቀድመን እንስማ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን የፈጠሩት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሲሆኑ የታተመው በ1974 ነው። ሥሩ በትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮች ከሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ይመዘዛል። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና ታሪክ ይተርካል፦ ከፊታችሁ የተሰበረ ድልድይ አለ፤ ከማዶ ጩኸት ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ? ይላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘዋል፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ካህን፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ ነው። ገጸ ባሕርያቸው የሚያደርገውን ይናገራሉ። ይሳካል አይሳካም የሚለው ሲያጠራጥር ሉዶ ላይ እንደምናውቀው ዳይስ ይጣላል፤ የእነሱ ግን ሃያ ገጽ ያለውም አለበት። ሻማ ማብራት፣ መንፈስ መጥራት የለበትም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ የሚቀመስ ነገርና ብዙ ሳቅ አለበት።

በደንቡ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ድግምቶች በስምንት ክፍሎች ተመድበዋል። ከእነዚህ አንዱ ስለ ሞትና ስለ ሙታን የሆነው ኔክሮማንሲ ነው። ይህ ነገር በዚህ ጨዋታ ብቻ የሚገኝም አይደለም። በ2000 የወጣው “ዲያብሎ ሁለት” የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቹ ኔክሮማንሰር ሆኖ፣ አፅሞችን አስነሥቶ ከአጋንንት ጋር እንዲዋጋ ይፈቅዳል። በ2011 የወጣው “ስካይሪም” ውስጥም ሬሳ ማስነሣትና የሰውን ነፍስ በድንጋይ ውስጥ ማሰር አለ። ስለዚህ “ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ እኛን አይመለከትም” የምትሉ ወላጆች የልጆቻችሁን ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

ከእኛ በፊት የደነገጡ ወላጆች

በዚህ ጨዋታ የደነገጥነው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እኛ አይደለንም። በ1979 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ16 ዓመት ልጅ ጠፋ። ጨዋታውን ይጫወት እንደነበር ሲታወቅ፣ በዩኒቨርሲቲው ከመሬት በታች ባሉት የእንፋሎት ቧንቧ መተላለፊያዎች ውስጥ ሲጫወት ጠፋ የሚል ወሬ በየጋዜጣው ተሠራጨ። ልጁ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በሌላ ክፍለ ግዛት በሕይወት ተገኘ። በ1980 ግን ራሱን አጠፋ። ፍለጋውን ያካሄደው የግል መርማሪ በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ልጁን ያሸሸው ጨዋታው ሳይሆን በልቡ ይዞት የነበረው ከባድ ጭንቀት እንደነበረ አስረዳ። ወሬው ግን እርማቱን ቀድሞት ሄዶ ነበር።

በ1982 ልጇ ራሱን ያጠፋባት ሌላ እናት ጥፋቱን በጨዋታው ላይ አድርጋ በ1983 የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። በ1984 ጨዋታው ወጣቶችን ወደ እውነተኛ ጥንቆላ ያስገባል የሚል በሥዕል የተዘጋጀ ትራክት ወጣ። ተቃውሞው ከመበርታቱ የተነሣ አሳታሚው ድርጅት በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም “ዲመን” እና “ዴቭል” የሚሉትን የአጋንንት መጠሪያዎች አስወጥቶ በሌላ ስም ተካቸው።

ይህን ታሪክ የማነሣው በእነዚያ ወላጆች ለመሳለቅ አይደለም። ልጁን የቀበረ ሰው ኀዘን የተከበረ ነው። ነገር ግን ከታሪኩ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ መናገር፣ ስለ ክፉ ነገር እንኳ ቢሆን፣ በሐሰት አትመስክር ከሚለው ትእዛዝ ጋር ያጋጨናል። ሁለተኛ፣ ጨዋታውን ስናሳድድ የልጁ ሕመም ሊያመልጠን ይችላል።

ቃሉ የከለከለው ምኑን ነው?

የእግዚአብሔር ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። በዘዳግም 18 ከሟርተኛውና ከመተተኛው ጋር ሙታን ሳቢም በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ እንደሆነ ተጽፏል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ይህን ክፍል በዕብራይስጥ ስንማር አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። እኛ ሙታን ሳቢ ያልነው በዕብራይስጡ “ዶሬሽ ኤል ሃሜቲም” ነው፤ ከሙታን ዘንድ የሚጠይቅ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። ይህ “ዳራሽ” የሚለው ግሥ በኢሳይያስ 55 እግዚአብሔርን ስለ መፈለግ የተነገረው ያው ግሥ ነው። በኢሳይያስ 8፥19ም ነቢዩ ሕዝብ ስለ ሕያዋን ወደ ሙታን ሄዶ መጠየቁን ሲገሥጽ የተጠቀመበት ይህንኑ ነው። የኃጢአቱ ልብ እዚህ ላይ ነው። ለእግዚአብሔር የሚገባውን ፍለጋ ወደ ሙታን ማዞር ነው።

በ1ኛ ሳሙኤል 28 ሳኦል የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። መናፍስት ጠሪዎችን ከአገሩ ያጠፋው ንጉሥ፣ እግዚአብሔር ዝም ሲለው ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ። የፈለገው ሳሙኤልን አልነበረም፤ የነገውን ማወቅ ፈልጎ ነበር። 1ኛ ዜና 10 ስለ ሞቱ ሲናገር ይህንን ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ይቆጥረዋል።

“ኔክሮማንሲ” የሚለው ቃልም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ በሙታን አማካይነት ማሟረት ማለት ነው። የአፅም ሠራዊት የሚለው ትርጉም ኋላ በልብ ወለድ ጸሐፊዎች የተስፋፋ ነው። ለምሳሌ ክላርክ አሽተን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1932 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ሁለት ኔክሮማንሰሮች አንድን የሞተ ሕዝብ አስነሥተው ሲገዙ ይታያሉ። ጨዋታው የተከተለው ይህን መንገድ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የሚያስደነግጠን ሥዕል የግድ ለዓይንዶር የቀረበው አይደለም። በጨዋታው ውስጥ ከሬሳ ጋር መነጋገር የሚባል ሌላ ድግምት አለ፤ አንድ ሬሳ እስከ አምስት ጥያቄ ድረስ ይጠየቃል። የሳኦልን ሥራ የሚመስለው ይህ ነው። ይገርማችኋል፣ በ2014ቱ እትም ደንብ ሬሳው በሕይወት ሳለ የሚያውቀውን ብቻ ይናገራል፤ ስለ ወደፊቱ መናገር አይችልም፤ ነፍሱም አልተመለሰችም። ልብ ወለድ እንኳ ለሙታን ነገን የማወቅ ሥልጣን አልሰጠም።

ማስመሰልና ማድረግ አንድ ናቸው?

በየቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ድራማ ይሠራሉ። አንዱ ይሁዳን፣ አንዱ ሄሮድስን ሆኖ ይጫወታል። የሳኦልን ታሪክ ብንሠራ ደግሞ አንዲት እህት የዓይንዶሯን ሴት መሆን ይኖርባታል። ይህች እህት መናፍስት ጠራች ብሎ ከኅብረት የሚያግዳት ሽማግሌ የለም። መጽሐፍ ቅዱስም በምናብ የተሞላ ነው። በመሳፍንት 9 ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ይነጋገራሉ። ጌታም በሉቃስ 16 የሞተ ባለጠጋ ከሲኦል ሆኖ ሲለምን ተረከልን፤ ያውም ልመናው ከሙታን አንዱ ወደ ወንድሞቹ እንዲላክለት ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ “ገጸ ባሕርዬ አፅም አስነሣ” ማለት በዘዳግም የተከለከለውን ኃጢአት መፈጸም ነው ብዬ ላስተምራችሁ አልችልም። ልጁ ከሙታን የጠየቀው ነገር የለም። የጠየቀው ጓደኛውን ነው፤ የመለሰለትም ዳይሱ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አናቁም። ይሁዳን የሚጫወተው ወጣት የሚናገረው ተጽፎ ተሰጥቶታል። በዚህ ጨዋታ ግን ተጫዋቹ ራሱ ይመርጣል። ምርኮኛውን ይምራል ወይስ ይገድላል? የሞተውን ይቀብራል ወይስ ይጠቀምበታል? ምርጫው ከልቡ ይወጣል፤ ጌታም በማቴዎስ 5 በልብ የሚደረገውን ከቁጥር እንደማያወጣው እናውቃለን። አንድ ልጅ በጭካኔ የሚደሰት ከሆነ ጨዋታ ነው ብለን ዓይናችንን አንጨፍን።

ሌላም የሕሊና ጉዳይ አለ። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ስለ ጣዖት የተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ ጣዖቱ ምንም እንዳይደለ አውቆ፣ ነገር ግን ከጣዖት ቤት የወጣውን ወንድም ሕሊና እንዳናቆስል ይለምናል። በየጉባኤያችን ከቃልቻ ቤት፣ ከጠንቋይ ደጅ፣ ከመናፍስት እስራት ጌታ ያወጣቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ለእነሱ “መንፈስ ጠሪ” ማለት የከፈሉበት፣ ያለቀሱበት፣ የተፈቱበት ነገር ነው። በአሜሪካ ተወልዶ ላደገ ልጅ ግን ኔክሮማንሰር በወረቀት ላይ የሠፈረ ቁጥር ነው። ሁለቱ አንድ ቃል ይሰማሉ፤ የሚያዩት ግን አንድ ነገር አይደለም። አባት ልጁን “አንተ ጠንቋይ ሆነሃል” ከማለቱ በፊት ይህን ያስብ። ልጁም ከእንዲህ ያለ ሕይወት የወጡ ሰው በተቀመጡበት ሳሎን ሥዕሉን ባይዘረጋ የፍቅር ሥራ ነው።

“ማንንም ካልጎዳሁ…”

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ። ጥያቄው መልካም ነው። የጨዋታው አዘጋጆች ራሳቸው ሲወዛወዙበት ኖረዋል። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም አፅምን የማስነሣቱ ድግምት “ክፉ” ተብሎ ሲመደብ የተነሣው አፅም ግን ደግም ክፉም ያልሆነ ፍጡር ነበር። በ2003 በተሻሻለው እትም አፅሙም ክፉ ተባለ። የ2014ቱ እትም ደግሞ እንዲህ ያለውን ድግምት መሥራት መልካም ሥራ እንዳልሆነና አዘውትረው የሚሠሩት ክፉዎች ብቻ እንደሆኑ ይናገራል። ለምን ክፉ እንደሆነ ግን ለተጫዋቾቹ አጥጋቢ ምክንያት አላገኙለትም፤ ስለዚህ ክርክሩ አላለቀም። እኛ ግን የምንለው አለን።

ሰው ከሞተ በኋላ የቀረው “አጥንት ብቻ” ነውን? በአሞጽ 2 እግዚአብሔር በሞዓብ ላይ ፍርድ ይናገራል። ምክንያቱ የኤዶምያስን ንጉሥ አፅም ኖራ እስኪሆን ማቃጠላቸው ነው። ሟቹ እስራኤላዊ አልነበረም፤ የሞተም ነበር፤ ሕመም አልተሰማውም። እግዚአብሔር ግን ቆጠረው። ዮሴፍ አፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡ የእስራኤልን ልጆች አስማለ፤ ሙሴም በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ይዞት ወጣ። ያ ወደ ዓይንዶር የሄደው ሳኦል በጊልቦዓ በወደቀ ጊዜ ፍልስጥኤማውያን ሬሳውን በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው አወረዱት፤ አፅሙን ከዛፍ በታች ቀበሩ፤ ሰባት ቀንም ጾሙ። ሳኦል በንግሥናው መጀመሪያ ከአሞናዊው ናዖስ ስላዳናቸው አልረሱትም። ሳኦል የሞተውን ሳሙኤልን ለጥቅሙ ሲፈልግ፣ እነዚህ ሰዎች የሞተውን ሳኦልን ያለ አንዳች ጥቅም አከበሩት። ከሙታን ጋር ያለን ግንኙነት ምን መምሰል እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም።

እንግዲህ ሌላውን ማነጻጸሪያ ልብ በሉ። በ2014ቱ እትም ደንብ የተነሣው አፅም ላስነሣው የሚታዘዘው ለ24 ሰዓት ነው። ጊዜው ሳያልቅ ድግምቱ ካልታደሰ መታዘዙን ያቆማል። ስም የለውም፤ ቤተሰብ የለውም፤ ሥራው ጌታውን ማገልገል ብቻ ነው። ጌታችን ሙታንን ሲያስነሣ ግን ምን አደረገ? አልዓዛርን ሲያስነሣ ከመግነዙ እንዲፈቱትና እንዲተዉት አዘዘ። የናይንን መበለት ልጅ ለእናቱ ሰጣት። የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሣ የምትበላው እንዲሰጧት ነገራቸው። አንዳቸውንም “ተከተለኝ፣ ዕቃዬን ተሸከም፣ ጠላቴን ውጋልኝ” አላለም። ወደ ቤታቸው፣ ወደ ማዕዳቸው፣ ወደ እናታቸው እቅፍ መለሳቸው።

ለልጁ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ሙታን ሳቢ የሞተውን ለራሱ ይወስዳል፤ ጌታ ግን ይመልሰዋል። ክፋቱ አፅም መንቀሳቀሱ ላይ አይደለም። በሕዝቅኤል 37ም አጥንቶች ተንቀሳቅሰዋል። ክፋቱ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረን ሰው እንደ ዕቃ መጠቀም ላይ ነው። ዓላማው መንደር ማዳን ቢሆንም ያ ሰው ፈቃዱን አልተጠየቀም። ይህንን የተረዳ ልጅ ጨዋታውን ቢጫወትም የተረዳውን ይዞት ይሄዳል። በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ ወደ እኛም ይዞራል። ሰውን ለሥራው ብቻ መፈለግ በሙታን አይጀምርም። ስሟን በወጉ የማንጠራት፣ መቼ እንደበላች የማንጠይቃት የቤት ሠራተኛ ካለችን፣ ልጆቻችን ትምህርቱን ከጨዋታው ሳይሆን ከእኛ እየወሰዱ ነው።

ለባልና ሚስቱ

ውድ ወንድሜና እህቴ፣ አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ታረቁ። ልጁ ሁለት ወር ያየው ክርክር ከጨዋታው የበለጠ ጎድቶት ሊሆን ይችላል። ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ ጸልዩ፤ የምትስማሙበትን ጥቂት ነገር ለዩና በአንድ ድምፅ ቅረቡት።

ወንድሜ ሆይ፣ በሐዋርያት ሥራ 19 የኤፌሶን አማኞች የአስማት መጻሕፍታቸውን ማቃጠላቸውን እንደምታነሣ አውቃለሁ። ቅንዓትህን አከብራለሁ። ነገር ግን እነዚያ አስማት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ መጻሕፍቱንም ራሳቸው አምጥተው አቃጠሉ። ሌላ ሰው አልቀማቸውም። የልጅህን መጽሐፍ ብታቃጥል መጽሐፉን ታጠፋለህ፤ ከልጅህ ጋር የምትነጋገርበትን መንገድም አብረህ ልታጠፋ ትችላለህ። ይልቅ አንድ ዓርብ ልጆቹን ወደ ቤትህ ጥራቸውና ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀመጥ።

እህቴ፣ አንቺም ረጋ ማለትሽ መልካም ሆኖ ሳለ ድንበር ይኑርሽ። ከጨዋታ ወደ እውነተኛ ሙከራ የሚወስድ ነገር፣ ማለትም መንፈስ መጥራት፣ በፊደል ሰሌዳ ሙታንን መጠየቅ፣ ዕድል መግለጥ በቤታችሁ አይፈቀድም፤ ይህን ሳታመነቱ ንገሩት። ጨዋታው እንቅልፉን፣ ትምህርቱንና የኅብረት ጊዜውን ከበላም ወስኑለት። ልጁ ራሱ ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም ካለ ደግሞ ሌላ ገጸ ባሕርይ መምረጥ ይችላል።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ያሳደጉት አያቱ ሲያርፉ አልቀበረም፤ አላለቀሰም፤ ድንኳን ውስጥ አልተቀመጠም። እኛ አገር ልጅ ኀዘኑን የሚማረው ከለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ሲመጣ፣ ንፍሮ ሲቀርብ፣ ስለ ሟች ሲወራ ሰምቶ ነው። እሱ ግን በስልክ ሰምቶ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄደ። ሙታንን የሚያስነሣ ገጸ ባሕርይ የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ብዙ ልጆች ምንም ኀዘን ሳይኖርባቸው ይመርጡታል። ግን ጠይቁት። “ስለ አያትህ ታስባለህ?” በሉት። ፎቶግራፋቸውን አውጡ፤ ያጫውቱት የነበረውን አንሡ፤ አብራችሁ አልቅሱ። ከዚያም በክርስቶስ ላንቀላፉት ያለንን ተስፋ፣ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4 ጳውሎስ የጻፈውን፣ አባትየው ያንብብለት። የሞቱትን እኛ አንጠራቸውም። የሚጠራቸው አለ፤ ሲጠራቸውም በስማቸው ነው።

ለባልና ሚስት መወያያ፦

1. ልጆቻችን የሚጫወቱትን ከልጆቻችን አፍ ሰምተናል ወይስ ከሌላ ሰው?

2. በቤታችን በጨዋታ ከሚደረገውና በእውነት ከሚደረገው መካከል ድንበሩን የት አድርገናል? ሁለታችን እንስማማበታለን?

3. ልጆቻችን በሞት ስለተለዩን ሰዎች በቤታችን በነፃነት ማውራት፣ ማልቀስ ይችላሉ?

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን በሰላሙ ይጠብቅ።